አልሞን ስትሮውጀር፤ የአውቶማቲክ ስልክ ማዞሪያ ፈልሳፊ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ እስከ ፒያሳ ድረስ ባለው ክፍል የነበሩ ሱቆች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ከ1998 ዓ.ም. በፊት በሰሌዳቸው ላይ የሚጽፉት የስልክ ቁጥር ስድስት አኃዝ ብቻ ነበረው። ከእነዚህም ቁጥሮች ብዙዎቹ በ11፣ በ12፣ በ55 ወይም በ56 ይጀምሩ ነበር። ነባር ደንበኛ የሆነ ሰው የቁጥሩን መነሻ ሰምቶ ስልኩ የአራዳ መሆኑን ለመለየት አይቸገርም ነበር። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. አዲሱ የቁጥር አደረጃጀት በሥራ ላይ ሲውል በአራዳ ቁጥሮች ፊት አንድ አኃዝ ተጨመረ፤ የከተማው መለያም ከ01 ወደ 011 ተለወጠ። ለተራው ደንበኛ ነገሩ ደብተሩን አውጥቶ ቁጥሮቹን ማረም ብቻ ነበር። ቁጥሮችን በፕሮግራም ለሚያነብ ባለሙያ ግን ጥያቄው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ይኸውም የአንድ ቁጥር የመጀመሪያ አኃዞች ምን ይናገራሉ? ለማንስ ይናገራሉ? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በብረትና በሽቦ የመለሰው ሰው መሐንዲስ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ የመብራት ኃይል ትምህርት አልተማረም፤ በስልክ ኩባንያም ተቀጥሮ አላገለገለም። የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ሙታንን በመገነዝና በማስቀበር ነበር። ስሙ አልሞን ብራውን ስትሮውጀር ይባላል።

ልደቱና የወጣትነት ዘመኑ

ስትሮውጀር እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1839 በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ከሮቸስተር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በፔንፊልድ ተወለደ። ስለ ልጅነቱ ከሚነገሩት ወሬዎች አንዱ፣ እናቱ ለእርሱና ለወንድሞቹ ሥራ ባዘዙአቸው ቁጥር ልጆቹ ሥራውን ከመሥራት ይልቅ ሥራውን የሚሠራላቸው መሣሪያ ምን መምሰል እንዳለበት ሲከራከሩ ይውሉ ነበር የሚለው ነው። ወሬው ከዝናው በኋላ የተቀናበረ ቢሆንም እንኳ የሰውየውን ጠባይ ያመለክታል፤ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ሰው በእጁ የሚደጋግመውን ሥራ ለመሣሪያ ማስረከብ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አልተወም።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1861 ሲነሣ ስትሮውጀር የ22 ዓመት ጐልማሳ ነበር። በሰሜኖቹ ወገን በኒው ዮርክ 8ኛ የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ተሰልፎ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች ወደ ምዕራብ እየተጓዘ ኑሮውን በየሥፍራው ሞከረ፤ ለጥቂት ጊዜም በመምህርነት አገለገለ። በመጨረሻ በካንሳስ ግዛት በቶፔካ፣ ቀጥሎም በካንሳስ ሲቲ የቀብር አስፈጻሚነትን ሥራ ይዞ ተቀመጠ።

ይህ ሙያ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በአራዳም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚያስነፋው፣ ድንኳን የሚተክለውና ቀብሩን የሚያሰናዳው እድር ነው። ስለዚህ ለቅሶ ማኅበራዊ ግዴታ እንጂ ደንበኛ የሚሻሙበት ንግድ አይደለም። በካንሳስ ሲቲ ግን ሙታንን ማስቀበር እንደማንኛውም ንግድ ነበረ። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያገኘው ነጋዴ ሥራውን ይወስዳል፤ የዘገየው ባዶ እጁን ይቀራል። ቤል ስልክን በፓተንት ካስመዘገበበት ከ1876 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሞት መርዶ በስልክ መላክ በመጀመሩ፣ የቀብር አስፈጻሚው ኑሮ በስልኩ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

የቂሙ መነሻ

በዚያን ዘመን ስልክ ቁጥር አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ደዋዩ መነጋገሪያውን አንሥቶ ማዞሪያ ቤት ለተቀመጠችው ቴሌፎነኛ የሚፈልገውን ሰው ወይም መደብር በስም ይነግራታል፤ እርስዋም የአንዱን ሽቦ ጫፍ ከሌላው ቀዳዳ ጋር ታገናኛለች። እንግዲህ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር የምታውቀው፣ መስመሩ ተይዟል ወይም ነፃ ነው የምትለው፣ የምታስቀድመውና የምታዘገየው እርስዋ ናት። ደዋዩ ስም ሳይጠራ የቀብር አገልግሎት እፈልጋለሁ ያለ እንደሆነ፣ ከነጋዴዎቹ ለየትኛው እንደምታገናኘው የሚወስነውም የእርስዋ ፈቃድ ነው።

ስትሮውጀር ደንበኞቹ እየሸሹት መሄዳቸውን ባየ ጊዜ ጥፋቱን በዚህች ሴት ላይ ጣለ። ታሪኩ በብዙ መልክ ይተረካል። አንዳንዶች ቴሌፎነኛዋ የተፎካካሪው ቀብር አስፈጻሚ ሚስት ነበረች ይላሉ፤ ሌሎች ልጁ ወይም ዘመዱ ያደርጓታል። በአንደኛው አተራረክ ስትሮውጀር የገዛ ወዳጁን ሞት ያወቀው ከጋዜጣ ሲሆን፣ ቀብሩን ያስፈጸመው ተፎካካሪው መሆኑን ያነበበውም በዚያው ጋዜጣ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላም አነጋገር አለ። የስልክ ኩባንያው ሰዎች የስትሮውጀርን ተደጋጋሚ አቤቱታ ተቀብለው ሲመረምሩ፣ ከሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ በነፋስ የሚወዛወዝ የብረት ሰሌዳ ከስልኩ ሽቦ ጋር እየተነካካ መስመሩን ሲያበላሸው አገኙት ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ ቴሌፎነኛዋ በከንቱ ታምታለች፤ ያ ሁሉ የቂም ፍሬም የበቀለው ከተሳሳተ ጥርጣሬ ነው ማለት ነው።

ለሙያው ሰዎች ግን ቁም ነገሩ ከሁለቱ ወሬዎች የትኛው ትክክል ነው የሚለው ብቻ አይደለም። ሴትዮዋ ንጹሕ ብትሆንም እንኳ፣ ስትሮውጀር ንጽሕናዋን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ሥልጣኑ በእጅዋ ነበር፤ ሥራዋን ግን ከውጭ ሆኖ የሚያይ አልነበረም። ጥሪ የሚያልፍበት ሥፍራ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚመራ እስከሆነ ድረስ ጥርጣሬ ይኖራል፤ ጥርጣሬውም ሁልጊዜ መሠረት የለሽ ነው ለማለት አይቻልም። ስትሮውጀር ያገኘው መፍትሔ ሴትዮዋን በሌላ ሴት ማስለወጥ አልነበረም፤ ዘመድ የሌለው፣ ወሬ የማይሰማና ለማንም የማያዳላ አገናኝ መፍጠር ነበር።

የክብ ሣጥኑ ሐሳብ

የመጀመሪያውን አምሳያ የሠራው በዘመኑ የሸሚዝ አንገትጌ በሚቀመጥበት ክብ የወረቀት ሣጥንና በስፒል እንደሆነ ይነገራል። ስፒሎቹን በሣጥኑ ዙሪያ በተርታ ሰካቸው፤ እያንዳንዱም ስፒል የአንድ ደንበኛን መስመር ይወክላል። በመካከሉ የቆመው ዘንግ ከፍ ዝቅ ማለትና መዞር ከቻለ፣ በዘንጉ ላይ የተተከለው ክንድ ከተፈለገው ስፒል ጋር ይገናኛል። የመሣሪያው ምሥጢር በሙሉ ይኸው ነው።

ስትሮውጀር የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1889 ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ቀኑ መጋቢት 4 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ላይ ቆስለው አረፉ። የአሜሪካ መንግሥት ቁጥር 447,918 የሆነውን ፓተንት የሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1891 ነው። በዚሁ ዓመት ስትሮውጀር ከወንድሙ ልጅ ከዋልተርና ገንዘብ ካላቸው እንደ ጆሴፍ ሃሪስ ካሉ ሰዎች ጋር በመተባበር በስሙ የተጠራውን የአውቶማቲክ ስልክ ማዞሪያ ኩባንያ አቋቋመ።

የመጀመሪያው ማዞሪያ ለሕዝብ የተከፈተው በኢንዲያና ግዛት በምትገኘው በላ ፖርት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1892 ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 25 ቀን 1885 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ይህም ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑበት ከጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ልክ ሦስት ዓመት ይሆናል። ማዞሪያው 99 መስመሮችን ለመያዝ የሚችል ሲሆን በመክፈቻው ጊዜ የነበሩት ደንበኞች 75 ያህል ነበሩ።

የላ ፖርት ደንበኛ ቁጥር የሚልከው እንደ ኋለኛው ዘመን በክብ መደወያ አልነበረም። በስልኩ ላይ ለአሥር ቤትና ለአንድ ቤት የተለዩ ቁልፎች ነበሩ። 56ን የፈለገ ሰው የአሥር ቤቱን ቁልፍ አምስት ጊዜ፣ የአንድ ቤቱን ስድስት ጊዜ መጫን ነበረበት። ቈጠራ የተሳሳተ እንደሆነ ሌላ ሰው ቤት ይደወላል። ከዚህም በላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብዙ ሽቦ መዘርጋት ስለሚያስፈልግ ወጪው ከባድ ነበር።

ይህን ጉድለት ያረሙት ስትሮውጀር ራሱ ሳይሆን ወደ ኩባንያው የገቡ ባለሙያዎች ናቸው። ከካንሳስ የመጡት ወንድማማቾች ጆንና ቻርልስ ኤሪክሰን ከአሌክሳንደር ኪዝ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1896 ጣት ገብቶ የሚያዞረውን መደወያ አቀረቡ። ደንበኛው መደወያውን ሲለቀው መሣሪያው ወደ ቦታው እየተመለሰ የመስመሩን ኃይል እንደ አኃዙ መጠን ይቆራርጠዋል፤ ለ1 አንድ ጊዜ፣ ለ5 አምስት ጊዜ፣ ለ0 ግን አሥር ጊዜ። ዜሮ ባዶ መሆኑ ቀርቶ ከአኃዞች ሁሉ ረጅሙ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቁጥሩ ራሱ መንገድ ሲሆን

የስትሮውጀር መሣሪያ አሠራር ተራ በተራ የሚራመድ በመሆኑ ይታወቃል። ዋናው መራጭ አሥር ደርቦች ሲኖሩት በእያንዳንዱ ደርብ ላይ አሥር ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው አኃዝ ሲመጣ ክንዱ እንደ አኃዙ መጠን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም በደርቡ ላይ እየዞረ ሥራ ያልያዘ መስመር ፈልጎ ጥሪውን ለሚቀጥለው መራጭ ያስረክባል። የሚቀጥለው መራጭ ሁለተኛውን አኃዝ ብቻ ይሰማል፤ የመጀመሪያው ምን እንደነበረ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሚደርሱት ለመጨረሻው መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱ በአንደኛው ከፍ ብሎ በሁለተኛው በመዞር ከመቶ መስመሮች አንዱን ይይዛል።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቁጥር ማለት የሰው ስም ምትክ ብቻ አይደለም። ቁጥር መንገድ ነው። እያንዳንዱ አኃዝ በአንድ መስቀለኛ ሥፍራ ላይ ወደ የት መታጠፍ እንደሚገባ የሚያዝዝ ቃል ነው። ስለዚህ የቁጥር መነሻ አኃዞች ከሁሉ ሰፊውን ሥልጣን ይዘዋል፤ ከተማን ከከተማ፣ ሠፈርን ከሠፈር የሚለዩት እነርሱ ናቸው። የኋለኞቹ ግን ቤትን ከቤት ብቻ ይለያሉ።

ከዚህም ሌላ ሕግ ይከተላል። መሣሪያው ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ስለማይችል፣ በራሱ የተሟላ አንድ ቁጥር የሌላ ረጅም ቁጥር መነሻ ሊሆን አይገባም። 27 የአንድ ቦታ ሙሉ መለያ ከሆነ፣ 271 የሌላ ቦታ መለያ ሊሆን አይችልም፤ አለዚያ መሣሪያው 27ን እንደሰማ በሩን ይከፍትና ቀሪውን አኃዝ ሳይረዳው ይቀራል። ዛሬ የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአገሮችን መለያ የደለደለው ይህንኑ ሕግ ጠብቆ ነው። ለአፍሪካ በተመደበው በ2 መነሻ ሥር ግብጽ 20ን፣ ደቡብ አፍሪካ 27ን ሲይዙ ሌሎቹ ሦስት አኃዝ ያላቸውን ወሰዱ፤ ኢትዮጵያ 251፣ ሶማሊያ 252፣ ጂቡቲ 253፣ ኬንያ 254 ሆኑ። በ20 ወይም በ27 የሚጀምር ባለሦስት አኃዝ መለያ ግን ለማንም አልተሰጠም።

ስልክ በምኒልክ ከተማ

ስትሮውጀር ከቴሌፎነኛዋ ጋር በተጣላበት ዘመን አዲስ አበባ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። ስልክ ወደ አገሪቱ የገባው ራስ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ኢጣሊያ ካደረጉት ጉዞ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይተረካል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ግን የታሪኩን መነሻ የሚቈጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ነው፤ ይህም ሐረርንና አዲስ አበባን ከሚያገናኘው ከ477 ኪሎ ሜትር መስመር ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ መስመር ላይ የሚነጋገሩት ጥቂቶች ስለነበሩ ቁጥር አላስፈለጋቸውም። የሚፈለገው ሰው በስሙና በማዕረጉ ይጠራል፤ ስልከኛውም ያገናኛል። የመንግሥት ምሥጢር የሚያልፈው በስልከኛው ጆሮ ፊት ስለነበረ፣ በካንሳስ ሲቲ ለአንድ ነጋዴ የቂም ምክንያት የሆነው ነገር በምኒልክ ከተማ የሹመኛና የመልእክተኛ የመተማመን ጉዳይ ነበር።

የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ዙሪያ እየደራ፣ ባንኩ፣ ሆቴሉና የውጭ ነጋዴው በሠፈሩ እየበዛ ሲሄድ በስም መጠራራት አልበቃም። ሰው ሲበዛ ስም ይመሳሰላል፤ ስልከኛም ሁሉን ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአዋጅ የተቋቋመው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ አገልግሎቱን በዘመናዊ ድርጅት መልክ ከያዘው በኋላም የከተማው ቁጥር በየማዞሪያው እየተከፋፈለ ሄደ። የአራዳ ማዞሪያ ከፍል ውኃው፣ የፍል ውኃው ከአዲስ ከተማው የሚለየው በመነሻ አኃዙ ሆነ።

ፈልሳፊው ከኩባንያው ሲወጣ

የስትሮውጀር የኋላ ዕድሜ በድል የተሞላ አይደለም። መሣሪያው በመሐንዲሶች እጅ እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር እርሱ ከሥራው እየራቀ ሄደ። ጤናውም እየደከመ ነበር። ፓተንቶቹን እ.ኤ.አ. በ1896 በ1,800 ዶላር፣ በኩባንያው ውስጥ የነበረውን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1898 በ10,000 ዶላር ሸጠ። ወደ ፍሎሪዳ ግዛት ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1902 በ63 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያው ከተማም ተቀበረ።

ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ የእርሱ ፓተንቶች ለቤል ድርጅት በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ለብዙ ዓመታት አውቶማቲክ ማዞሪያን ችላ ብሎት የነበረው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ከተማ መሣሪያውን መትከል ጀመረ። እንግሊዝ ከዚያ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ1912 በኤፕሰም ተክላው ነበር፤ የመጨረሻው የእንግሊዝ የስትሮውጀር ማዞሪያ የተዘጋውም እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በሽያጩና በትርፉ መካከል የታየው ልዩነት የፈልሳፊዎችን ዕጣ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም፤ ሐሳቡን የወለደ ሰው ሐሳቡ ያፈራውን ሀብት ብዙውን ጊዜ አይበላውም። አሜሪካውያን ስሙን በብሔራዊ የፈልሳፊዎች መዝገብ ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

የዜሮ ነገር

ስትሮውጀር በብረት ክንድ ያስጀመረው ንባብ ዛሬ በሶፍትዌር ይከናወናል። ነገር ግን ብረቱ ሲቀር የብረቱ ሕግ አልቀረም፤ ሕጉን የዘነጋ ፕሮግራምም በየቀኑ ጥሪ ያስታል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚበዛው የዜሮ ነው። በአዲስ አበባ የመደበኛ ስልክ መለያ ላይ 011 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው 0 የቁጥሩ አካል አይደለም። ዜሮው ከአካባቢ ወደ አካባቢ መደወል መፈለጉን ለማዞሪያው የሚያስታውቅ ትእዛዝ ነው። እውነተኛው መለያ 11 ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ ሰባት አኃዝ ይመጣል፤ ድምሩ ዘጠኝ ይሆናል። ባሕር ዳር 58፣ መቀሌ 34፣ ሐዋሳ 46፣ ድሬዳዋ 25 የሚባሉትም በዚሁ መንገድ ነው። ከውጭ አገር የሚደውል ሰው 251ን ካስቀደመ በኋላ ዜሮውን መተው ይገባዋል። ዜሮውን ጨምሮ የሚጽፍ፣ ወይም በፕሮግራም አማካይነት 251ን ከ011 ፊት ሳያስተውል የሚለጥፍ፣ ወደ የትም የማያደርስ ቁጥር ይፈጥራል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተትም አለ። የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች የስልክ ቁጥርን እንደ ሒሳብ ቁጥር ስለሚቈጥሩት የፊተኛውን ዜሮ ያለ ፈቃድ ይጥሉታል። ስለዚህ የስልክ ቁጥር በመዝገብ ላይ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ሒሳብ መጠን ሊቀመጥ አይገባውም፤ ሁለት የስልክ ቁጥሮችን ደምሮ ትርጕም ያገኘ ሰው የለምና።

ዜሮን ሁሉ ጥሎ ማለፍም መፍትሔ አይሆንም። ለዚህ ምስክር የምትሆነው ፒያሳ ስሟን የወሰደችበት አገር ናት። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ የአካባቢ መለያዋን ዜሮ የቁጥሩ ክፍል አድርጋዋለች፤ ሮማ ከ39 ቀጥሎ 06 እንጂ 6 አትባልም። በአዲስ አበባ ልማድ ዜሮውን ቀንሶ ወደ ሮማ የሚደውል ፕሮግራም ይስታል። በአሜሪካ ደግሞ የሩቅ ጥሪ ምልክቱ 1 ሲሆን 0 ኦፐሬተርን መጥሪያ ነው። የአገሩን ሕግ ያላወቀ አንባቢ አኃዙን ቢያየውም ትርጕሙን አያገኘውም።

የአራዳ የቁጥር ለውጥ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ1998 ዓ.ም. በፊት ላይ የተጨመረው አኃዝ ለከተማው ሁሉ አንድ አልነበረም። በ56 ይጀምር የነበረው የአራዳ ቁጥር 156 ሲሆን፣ በ51 ይጀምር የነበረው የፍል ውኃ ቁጥር 551 ሆነ። ሁለቱም በ5 ይጀምሩ ስለነበረ የመጀመሪያውን አኃዝ ብቻ አይቶ የሚወስን ፕሮግራም ከሁለት አንዱን ማሳሳቱ አይቀርም፤ እስከ ሁለተኛው አኃዝ ድረስ ተራምዶ መወሰን ነበረበት። ይህም ስትሮውጀር ለመራጩ የሰጠው ሥርዓት ነው፤ አንድ አኃዝ ሰምቶ አንድ እርምጃ መራመድ፣ የሚበቃው ሲደርስ ብቻ በሩን መክፈት።

ጠንቃቃ ፕሮግራም እንግዲህ በቅድሚያ ክፍተቱን፣ ሰረዙንና ቅንፉን ያነሣል። ቁጥሩ በመደመር ምልክት ወይም በ00 ከጀመረ ዓለም አቀፍ መሆኑን ተረድቶ የአገሩን መለያ ይፈልጋል፤ 251 ከሆነ ቀሪው ዘጠኝ አኃዝ መሆኑን ያረጋግጣል። በአንድ ዜሮ ጀምሮ አሥር አኃዝ ከሆነና ደዋዩ በኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ዜሮውን በ251 ይተካል። ሰባት አኃዝ ብቻ ካገኘ ግን በግምት የአዲስ አበባ ነው ብሎ አይፈርድም፤ የቁጥሩ ባለቤት የት እንደሆነ ከሌላ መረጃ እስኪያውቅ ድረስ ያቆየዋል። ስድስት አኃዝ ካገኘም ከ1998 ዓ.ም. በፊት የተመዘገበ ሊሆን እንደሚችል ያስባል። እንዲህ ተስተካክሎ የተመዘገበ የኢትዮጵያ ቁጥር ከነአገር መለያው 12 አኃዝ ይኖረዋል፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ከሚፈቅደው ከ15 አኃዝ አያልፍም።

የአገናኙ ኃላፊነት

በሞባይል ዘመን የመነሻ አኃዝ ትርጕም ዳግመኛ ተለውጧል። የ09 ቁጥር የሚናገረው የቴሌኮም አገልግሎቱን ዓይነት እንጂ ሠፈርን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ኩባንያም በ07 መጣ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ነባር ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር የሄዱት የሞባይል ቁጥራቸውን እንደያዙ ነው። ቀድሞ ቁጥሩን ሰምቶ ሰውየው የአራዳ ነው ይል የነበረ ሰው ዛሬ እንዲህ ሊል አይችልም። ከመነሻ አኃዝ የማይገኘውን መረጃ ከመነሻ አኃዝ ለማውጣት የሚሞክር ፕሮግራም ቴሌፎነኛዋ ታማበት የነበረውን ጥፋት ይደግመዋል፤ ያልተነገረውን እንደተነገረ አድርጎ ይወስናል።

ስትሮውጀር አገናኙን ከሰው እጅ አውጥቶ ለመሣሪያ የሰጠው አድልዎን ለማስቀረት ነበር። ሆኖም መሣሪያው የሚራመደው ሰው በተለመላቸው ደርቦች፣ ፕሮግራሙም የሚወስነው ሰው በጻፈው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ያረጀ እንደሆነ፣ አዲስ መነሻ ቁጥር ሳይገባበት የቀረ እንደሆነ፣ የአንድ ሠፈር ሰዎች ሁሉ በስህተት ቁጥር ተመዝግበው ሳይሰሙ ይቀራሉ። የባንክ መልእክት አይደርሳቸውም፤ የሐኪም ቀጠሮ ያልፋቸዋል፤ መርዶ እንኳ ዘግይቶ ይነገራቸዋል። እነርሱም እንደ ካንሳስ ሲቲው ቀብር አስፈጻሚ ስልኩ ለምን እንዳልጮኸ አያውቁም፤ ጥፋቱንም በማን ላይ እንደሚጥሉ ይቸገራሉ።

በካንሳስ ሲቲ ጥፋቱ የቴሌፎነኛዋ ይሁን የብረቱ ሰሌዳ እስከ ዛሬ በሁለት ወገን ይነገራል። ነገሩን የሚያጣራ ሰነድ በጊዜው አልነበረምና። ዛሬ በማዞሪያው ቦታ የተቀመጠው ባለሙያ ግን ሠንጠረዡን በየጊዜው ማደስ፣ ያልተረዳውን ቁጥር በግምት አለማስተላለፍና ያደረገውን እርምጃ ሁሉ ለመርማሪ በሚታይ መዝገብ ማስቀመጥ ይችላል። አልሞን ስትሮውጀር ከክብ ሣጥኑ ጋር ሲታገል ይሻው የነበረው አገናኝ እንዲህ ያለው ነው።